በጥጥ ፍሬ የተፈረደ ቀለብ

ተፈርዷል። ከእንግዲህ ጓዳዋ የእሷ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ማንም አያስወጣትም። ቀለቡም በየወሩ ከወፍጮው ገቢ እየተቆረጠ እጇ ይገባል። ዛሬ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጥነውም አንድ ቃል ሳያመልጠን ሰማን።

የማን ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። ደስታ አቻኩሎኝ ባለቤቷን ሳልናገር ምሥራቹን አስቀደምኩት። የፈንታነሽ ነው። እዚህ ደብረ ታቦር፣ ከካሴ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ጥጥ ስትዳምጥ የኖረችው ፈንታነሽ።

ሰፈሩ ፈንታነሽን የሚያውቃት በጠርጣራነቷ ነው። «እንደምን አደርሽ» ሲሏት «ምነው፣ ምን ሰማችሁ?» የምትል ሴት ናት። የውኃ እንስራዋ ላይ ማታ በከሰል ታሰምራለች፤ ጠዋት ውኃው ከመስመሩ ዝቅ ካለ ጎረቤቱ በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። የዶሮዎቿን እግር በቀይ ክር አስራለች፤ ማንም የራሱን ከሲታ ዶሮ ሰጥቶ የእሷን እንዳይለውጥባት። የንስሐ አባቷ እንኳ ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ዓይኗ ከእጃቸው አይነሳም።

ይህ ጠባይ አብሯት አልተወለደም። በወጣትነቷ እብናት፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ያለ ቀበሌ ነው የተዳረችው። ባሏ ደሳለኝ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ከከተማ መጣ። «የማዳበሪያ ብድር ነው፤ የሚስትም ጣት ያስፈልጋል» አላት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ አስረገጣት። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ሴት ዕቃዋን ጭና ስትመጣ ነው፣ ያ ወረቀት የፍቺ ስምምነት መሆኑን ያወቀችው። ድርሻዋን በፈቃዷ ትታለች ይላል። ብትጮህ፣ ሽማግሌ ብትለምን፣ መልሱ አንድ ነበር፤ «ጣትሽ አይደለም ወይ?» ጣቷ ነው። ምን ትበል?

ወንድሟ ካሴ ይህን ሲሰማ በቅሎ ይዞ ወረደ። ዘመኑ 1991 ዓመተ ምሕረት ነበር። ፈንታነሽ ልብሷን በአቁማዳ ቋጥራ ደጅ ተቀምጣ አገኛት።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አላት።

«ምን ላደርግልህ ነው የምትወስደኝ?»

«ልጦርሽ።»

«በምን ለውጥ?»

ካሴ ሳቀ። «በምንም» አለ።

ይህ «በምንም» የሚሉት ነገር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልዋጥላት አለ። ካሴ ክፍሉን ሰጣት፤ ዱቄት ሲፈጭ የእሷን ቁና አስቀድሞ ያወጣል፤ ስትታመም ያሳክማል። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ጥጥ ትዳምጣለች፣ ትፈትላለች። ኋላ ግን ዓይኗ እየፈዘዘ ሄዶ ክሩ ሲበጠስ አላይ ስትል እንዝርቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ መዳመጡን ብቻ በዳሰሳ ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ያለ ካሴ እጅ የምትቀምሰው አልነበራትም። ቢሆንም በልቧ ሒሳቡ አልተዘጋም። ይህ ሰው አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ነገር አለ ትላለች።

ጥርጣሬዋን ያባሰው ደግሞ የበዓል ዋዜማ ነው። ካሴ በዓል በመጣ ቁጥር ዋዜማውን ወደ ክፍሏ ጎራ ይላል፤ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ምን ጎደለሽ?» ይላታል። ሊወጣ ሲል ግን ጎንበስ ይልና ከወለሉ አንድ ነገር አንስቶ ኮቱ ኪስ ይከታል። በመጀመሪያ ልብ አላለችውም። በሦስተኛው ዓመት አየችው። የሚያነሳው የጥጥ ፍሬ ነው፤ ከጥጡ ተዳምጦ የወደቀ፣ ለከብት ካልሆነ ለማንም የማይጠቅም ፍሬ።

ሰው ከእህቱ ወለል የጥጥ ፍሬ ለቅሞ በኪሱ የሚከትበት ምን ምክንያት አለ? ፈንታነሽ አንድ ብቻ ታያት። መተት ነው አለች። ደብተራ አዝዞታል፣ እጇ የነካው ነገር አምጣ ብሎታል አለች። ከዚያ ወዲህ ዋዜማ ሲደርስ ክፍሏን ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠርጋለች፤ ጥጓን ሁሉ በጣቷ ትጎረጉራለች። ካሴ ግን ከአልጋው እግር ሥርም ቢሆን አንድ ፍሬ አያጣም።

በማግስቱ ደግሞ ሥጋ ይመጣል። የምታመጣው የካሴ ሚስት ዘርትሁን ናት፤ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ደፉ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ታዲያ አንዱ ዓመት ሥጋው ጮማ ይሆናል፤ አንዱ ዓመት አጥንቱ ይበዛል። ፈንታነሽ ይህንንም ፈታዋለች። ዘርትሁን ከቤቷ ሥጋ እየመረጠች፣ ደስ ሲላት ጮማውን፣ ሲኮራረፉ አጥንቱን ነው የምትሰደው። ሥጋውን በእጇ እየመዘነች «ዘንድሮ ተቀይማኛለች» ትላለች።

ካሴ በ2009 ጥር ላይ ሞተ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቀበቶ ሲያጠብቅ ደረቴን ብሎ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ፈንታነሽ አልቅሳ ሳትጨርስ ፍርሃቱ መጣ። ካሴ የሚጠይቃትን ሳይጠይቅ ሞቷል፤ አሁን የሚጠይቀው ማን ነው?

ብዙ አልቆየም። የካሴና የዘርትሁን አንድ ልጅ ታምራት የአርባው ቀን ተዝካር በወጣ በሳምንቱ ወደ ክፍሏ መጣ። ባሕር ዳር የሚኖር፣ የሰው መኪና የሚያሽከረክር፣ የራሱን ለመግዛት የሚጓጓ ጎልማሳ ነው።

«አክስቴ፣ ግቢው ከነወፍጮው ሊሸጥ ነው» አለ። «ለሰኔ ሚካኤል ቦታ ይፈልጉ። እብናት ዘመድ አለዎት አይደል?»

«እብናት ያለኝ ጠላት ነው።»

«የመሳፈሪያና የስንቅ እሰጥዎታለሁ። እዚህች ላይ ብቻ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።» ወረቀትና የቀለም ሙዳይ ከኪሱ አወጣ።

ፈንታነሽ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ታምራት ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። እጆቿ ከነጠላው አልወጡም። በኋላ እንደሰማነው ወረቀቱ ከካሴ ውርስ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ነበር።

በማግስቱ ዱላዋን ይዛ ፍርድ ቤቱ ደጅ ወደምትቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄደች። ጸሐፊዋ ዓይናለም ትባላለች፤ ቤሩት ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ሕግ በማታ የተማረች ልጅ ናት።

«እማማ፣ ልጅ እያለ እህት አትወርስም» አለቻት። «ነገር ግን ሟች ሲጦራት የኖረች፣ ራሷን መቻል ያቃታት እህት ከውርሱ ላይ ቀለብ መጠየቅ ትችላለች። ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ነው ግን፤ ጊዜ ካለፈ አይሆንም።»

«ይህን ስትነግሪኝ አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

«የመጻፊያዬን።»

«እሱን አውቃለሁ። ሌላስ?»

ዓይናለም ስቃ ጻፈች፤ ጽፋም አነበበችላት። ፈንታነሽ ወረቀቱን ተቀብላ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ዘበኛ ሄደችና «አንብብልኝ» አለችው። ዘበኛው ሲያነብ ከዓይናለም ቃል ጋር እያመሳከረች ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቦታ «አመልካች» ያለችውን «አመልካቿ» ብሎ ሲያነበው አስቆመችውና ተመልሳ «ምን ጨምረሽበታል?» ብላ ጠየቀች።

ወረቀቱ ተስማማት። ጣት ማሳረፉ ግን አይሆንም። «እብናት አንድ ጣት ቀብሬ መጥቻለሁ» አለች። ዓይናለም ቢቸግራት «እንግዲያው ስምዎን ይጻፉ፤ አምስት ፊደል ነው» ብላ በትልቁ ጽፋ ሰጠቻት። ፈንታነሽ በዚህ ዕድሜዋ ወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ዱቄት ብናኝ ባለበሰው ወለል ላይ በጣቷ ስሟን መጻፍ ያዘች። እየጻፈች ታጠፋለች፣ እያጠፋች ትጽፋለች። ዓይኗ ፊደሉን በደንብ አያየውም፤ ጣቷ ግን ለመደው። በአራተኛው ቀን ዘርትሁን ቁና ተሸክማ ስታልፍ ፊደሎቹ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ ሳትረግጣቸው ተሻግራ ሄደች። ይህ ደግሞ ለፈንታነሽ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። ለምን አልረገጠችውም? ምን አስባ ነው?

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ታምራት ተነስቶ፣ አባቴ ደግ ሰው ነበሩ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ይመጸውቱ ነበር አለ። ለአክስቱም የሚሰጧት ከገበታ የተረፈ ነው፤ ምጽዋት ደግሞ የሰጪው ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሰጪው ሲሞት ይቆማል አለ። ሥጋውን ሳይቀር ጠቀሰው። «በበዓል ከቤታችን ሥጋ ላይ እናቴ እየቆረጠች ትልክላታለች።»

ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ አላስተባበለችም። እሷም የምታምነው ይህንኑ ነው።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። «ወንድምዎ እንደ ቤተሰቡ ቆጥሮ ሲጦርዎት እንደነበር የሚያስረዳ ምስክር አለዎት?»

«የለኝም።»

«ጎረቤት የለም?»

«ጎረቤትማ ሞልቷል። የማምነው ነው የሌለኝ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ከፋሲካ በኋላ ምስክር ካላቀረቡ ባለው እወስናለሁ ብለው ቀጠሩ። ዓይናለም በረንዳው ላይ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች «እማማ፣ ያለ ምስክር ተሸንፈናል» አለቻት፤ ነገሩን አላሽሞነሞነችውም። ፈንታነሽ ወደ ቤት ስትመለስ ሁለት ቦታ ተቀመጠች። የሰኔ ሚካኤል ሩቅ አይደለም።

ቅዳሜ ሹር ዘርትሁን ወደ ክፍሏ መጣች። ካሴ ከሞተ ወዲህ ያንን ደፍ ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

«እታለም፣ ወንፊት አለዎት? የእኔው ተቀዶብኝ።»

«የወፍጮ ቤት እመቤት ወንፊት አጣች?»

ዘርትሁን ወንፊቱን ተቀበለች። ሊወጡ ሲሉ ሰዎች እንደሚያደርጉት ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ ጎንበስ አለች። የፈንታነሽ ዓይን ቢፈዝም ጆሮዋ አልፈዘዘም። ጣት ወለል ሲጭር ሰማች። አንድ ነገር ተነሳ። ዘርትሁን ቀና ብላ ወጣች።

ባልየው የጀመረውን መተት ሚስትየዋ ልትፈጽመው ነው። ፈንታነሽ በሯን ቀርቅራ፣ መሸጎሪያውን ደግማ ደጋግማ ዳስሳ ተኛች።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሥጋው መጣ። በኮባ ቅጠል የተሸፈነ፣ ሙሉ ገበቴ። ዘርትሁን ደፉ ላይ አስቀምጣ «እንኳን አደረስዎ» ብላ ሄደች። ፈንታነሽ ቅጠሉን ገልጣ ዳሰሰችው። ሻኛ አለበት። በአሥራ ስምንት ዓመት ሻኛ መጥቶላት አያውቅም። ይኸው ነው አለች በልቧ። ተቀብላ በላች፣ አልተቸገረችም፣ እኛው እየመጸወትናት ነው ሊሉ ነው። ለፍርድ ቤት የተዘጋጀ ሥጋ ነው።

ገበቴውን ተሸክማ፣ በዱላዋ መንገዱን እየነካካች፣ ቅርጫው ወደታረደበት ወደ ሙላቴ ግቢ ሄደች። ሙላቴ የሰፈሩ የቅርጫ አለቃ ናቸው፤ አሥራ አንድ ቤት አንድ ላይ በሬ ሲገዛ የሚያርዱትና የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። ወንዶቹ ገና አልተበተኑም፤ ቢላዋ እየጠረጉ ይጫወታሉ። ፈንታነሽ ገበቴውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አያ ሙላቴ፣ ይህ የማን ትራፊ ነው?»

«የምን ትራፊ?»

«ከዘርትሁን ቤት የተቆረጠልኝ ምጽዋት። መልሱላት።»

ሙላቴ ገበቴውን አዩ፤ እሷን አዩ። «ፈንቴ፣ ጾሙ ራስሽ ላይ ወጣ እንዴ? ይህ የማንም ትራፊ አይደለም። ያንቺ መደብ ነው። በዕጣሽ የወጣልሽ ነው።»

«የምን ዕጣ?»

«የጥጥ ፍሬሽ ናታ።»

ፈንታነሽ ዱላዋን ያዝ አደረገች። ሙላቴ በሬው የታረደበትን ቅጠል በቢላዋቸው እያመለከቱ አስረዷት። ቅርጫ ሲመደብ ሥጋው እኩል እኩል ይከመራል። እያንዳንዱ አባወራ ምልክቱን በሳቸው ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ አንዱ የልብስ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የገብስ አገዳ። ከዚያ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ጠርተው ምልክቶቹን በየክምሩ ላይ ያስጥላሉ። ጮማ የደረሰው ጮማ፣ አጥንት የበዛበት አጥንት፤ ማንም አያማርርም።

«ቤቱ አሥራ አንድ ነው፤ መደቡ ግን አሥራ ሁለት ነው» አሉ ሙላቴ። «ካሴ ነፍሱን ይማረውና የራሱን የሚስማር ቆብ ይጥላል፤ ያንቺን የጥጥ ፍሬ ይጥላል። የሁለቱንም ዋጋ ያዋጣል። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ በዓል አላጓደለም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ካወቀች ምን ሊያስከፍለኝ ነው ብላ አትበላውም› አለኝ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ፈንታነሽ አልሳቀችም። ጠርጋ ጠርጋ የጣለችው ወለል ፊቷ መጣ፤ ካሴ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ አንዲት ፍሬ ሲፈልግ። ቁጭ ለማለት ቦታ በዱላዋ ፈለገች፤ አንዱ ድንጋይ አቀረበላት።

«ዘንድሮስ?» አለች። «ዘንድሮ ፍሬዬን ማን አመጣው?»

«ዘርትሁን ናታ። ዋጋውንም ከፍላለች።»

ፈንታነሽ ገበቴዋን ተሸክማ ተመለሰች። ግን ወደ ክፍሏ አልገባችም፤ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ቆመች።

«ዘርትሁን፣ ልጅሽ ሊያስወጣኝ ይሟገታል፤ አንቺ ዕጣ ታስጥይልኛለሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ዘርትሁን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እታለም፣ ልንገርዎት ታዲያ። ግቢው ከተሸጠ እኔስ ወዴት ነኝ? ድርሻዬን በገንዘብ ይሰጠኝና ባሕር ዳር የልጄ ሳሎን ሶፋ ላይ ልተኛ? የእርስዎ ቀለብ ከወፍጮው ይቆረጥ ከተባለ ወፍጮው መዞር አለበት። ልጄን ፊት ለፊት እምቢ ልለው አልቻልኩም።»

«እንዲህ በይኛ» አለች ፈንታነሽ፤ ትንፋሿ ወጣ። አሥራ ስምንት ዓመት «በምንም» ሲሏት ያላመነች ሴት ምክንያቱን በግልጽ ሲነግሯት ጊዜ አመነች። ደፉ ላይ ተቀመጠች። «ሻኛውን አብረን እንብላው። ቅመሽልኝ፤ አንቺ ቅደሚ።»

ዘርትሁን ቀደመች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዓይናለም አስፈቅዳ ሙላቴን በምስክርነት አቀረበች። ታምራት ጠየቃቸው። «አንድ ቤት ሁለት መደብ ይወስዳል?»

«አይወስድም፤ አንድ ቤት አንድ ዕጣ ነው።»

«ታዲያ አባቴ ለምን ሁለት ወሰዱ?»

«እኮ፣ እሱን ነው የምነግርህ ልጄ። ምጽዋት ቢሆን ኖሮ ከራሱ መደብ ቆርሶ ይሰጣት ነበር። እሱ ግን እሷን በእኛ በአሥራ አንዳችን ፊት ሰው ብሎ አስቆጥሯት፣ ዕዳዋን በራሱ ላይ አደረገው። እንዲህ ያለውን ትራፊ ብለህ እንዳትጠራብኝ።»

ዳኛው ዘርትሁንን ጠሯት። ልጇን ሳታይ፣ ወለል ወለሉን እያየች «እውነት ነው፤ እኔ አድራሽ ነበርኩ እንጂ ቆርጬላት አላውቅም» አለች። ታምራት ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለኝም አለ።

ከዚያ ሁለት ቀጠሮ ተራዘመ፤ ሰኔ ሚካኤልም አለፈ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ባለበት ሰሞን፣ ዛሬ፣ ውሳኔው ተነበበ። ካሴ እህቱን እንደ ቤተሰብ ግዴታ ሲጦራት መኖሩ ተረጋግጧል፤ ራሷን ለመቻል አቅም የላትም፤ ስለዚህ ወራሹ ከውርሱ፣ ከወፍጮው ገቢ ላይ ቀለቧን በየወሩ ይሰፍርላታል፤ በሕይወት እስካለችም ከክፍሏ አትነሳም። ፈንታነሽ ዳኛው ሲጨርሱ «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች። ደገሙላት። ቃል አልተለወጠም።

ግልባጩን ስትቀበል ጸሐፊው እንደ ልማዱ የቀለም ሙዳዩን ገፋ አደረገላት። እሷ እስክሪብቶ ጠየቀች። ጎንበስ ብላ፣ ወረቀቱን በአፍንጫዋ ልትነካው ትንሽ ሲቀራት፣ አምስቱን ፊደል አንድ በአንድ አስቀመጠች። ታምራት በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። እሷም አውርዷት እስኪጨርስ ድረስ በሌላ እጇ መቀነቷን ጨብጣ ነበር፤ ግልባጩ እዚያ ውስጥ ነውና።

ቤት ስትደርስ ሙላቴን አስጠራች። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

«የእንቁጣጣሽ ዕጣዬ ናት።»

«ፈንቴ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ገና ወር ከምናምን ቀን አለው።»

«ይሁን።»

ሙላቴ ፈቱት። አንዲት የጥጥ ፍሬ ናት፤ ወገቧ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። ማንም እንዳይለውጥባት።

ይፋግ ያለችው ወዳጄ አበበች ይህን ሁሉ አልሰማችም። እሷን ሲጦራት የነበረው ወንድሟ በሚያዝያ ሞቶባት፣ «እህት ምን አላት» ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ዓይናለም ደግሞ ጊዜ ካለፈ አይሆንም ብላለች። ወደ እሷ የሚያደርሰኝ የወረታው ሚኒባስ ረዳት ከመናኸሪያው ሲጣራ እስከዚህ ይሰማል። አንድ ሰው ቀረኝ እያለ ነው፤ ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ።